ለአህያ የተጠራ ቅሬ

ሰው «ቀልዴን ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት፤ ቶሎም አትጣሉት። አንዱ እውነቱን ተናግሮ ሲያበቃ ፈርቶ ነው እንዲህ የሚል። ሌላው ውሸቱ ሲያዝበት ነው። «እሱ እኮ ቀልደኛ ነው» የተባለ ሰው ሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል፤ ሽምግልና ሲሆን ግን የሚጠራው የለም። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ «በእህል አትቀልድ» ካለች መልስ ከመስጠት ከቤት መውጣት ነው የሚሻል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ ስብሰባ ሲከፍትም ሲዘጋም «ከአብዮቱ ጋር ቀልድ የለም» ይል ነበር። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ታዲያ ከማን ጋር ነው የተፈቀደልን?» ብዬ ጠየቅሁ። ከልቤ ነው የጠየቅሁት፤ መመሪያ ካለ ለማወቅ። ሦስት ቀን የማኅበሩን አጥር ሳጥር ዋልሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ከአፌ እኩል አይሄድልኝም። ቢሆንም ይህን ነገር ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው እኔ አጣምሜ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ። ሲያወሩት እየሰማሁ ነው። መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንዱ ሲያወራው አህያዋን በቅሎ አድርጓታል።

አህያ ናት። የጎረቤቴ የይማም አህያ።

ጊዜው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። መሬት ለአራሹ ተብሏል፤ አራሾቹም እኛው ነን፤ በሬው ግን አልቆ ነበር። ዝናቡም አዋጁን አልሰማ። ይማምና እኔ በመካከላችን ያለው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድሁትን እሱ አይበላም። በዚያ ድርቅ ግን ማናችንም የምናርደው ስላልነበረን ተስማምተን ተቀምጠን ድሮ ያረድነውን እናወራ ነበር።

ይማም ሁለት በሬ ሞቱበት። ላሚቱን ወረኢሉ ገበያ ወስዶ በማይረባ ነገር ሰጥቷት መጣ። በክፉው ወር አንዲት ትንሽ ልጅ ቀብሯል፤ ያን ጊዜ ያልቀበረ ቤት ስላልነበረ ማንም ለይቶ አላየውም። የቀረችው አህያዋ ነበረች። የእርዳታውን ስንዴ ከመካነ ሰላም ተሸክማ ለእሱም ለእኔም የምታመጣልን እሷ ናት። እሷም አንድ ቀን ዳገቱ መካከል ላይ ቆመች፤ ቆማ አሰበች አሰበችና ተኛች፤ አልተነሣችም።

ይማም ስንዴውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ገባ። ከዚያ መደቡ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ ፋጤ አጥሩን አልፋ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል ካወጣ አራት ቀኑ። ድሮ ታስቀው ነበር። እስቲ በአላህ ና።»

ሄድሁ። መጀመሪያ የሊቀመንበሩን አነጋገር አስመሰልሁለት፤ ፋጤ ደንግጣ በሩን ዘጋች፣ እሱ ዝም። ቀጥዬ አማቴ ገና ሳያገባ የገዛውን ሱሪ ገልብጦ ለብሶ ሠርግ የሄደበትን አወራሁለት። ዝም። ተስፋ ቆርጬ ስወጣ ጉበኑ ግንባሬን አገኘው። ይህ እንኳ ያልተሰናዳሁበት ነበር። ፋጤ ሳቀች፤ እሱ ዞሮም አላየኝ።

እንግዲህ የእኔ ሞኝነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቅሬ ማለት፣ ለማታውቁ፣ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቆፍረው፣ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው ማኅበር ነው። እስላም ክርስቲያን አይልም። እኔ የሰፈራችን ቅሬ ጠሪ ነበርሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። ድምፄ ገደል ማዶ ይሰማል። የአጠራሩም ወግ አለው። ጠሪ የሟቹን ስም አያነሣም፤ «በእገሌ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ቅሬ ውጣ» ነው የሚል። የሥጋ ዘመድ መንገድ ላይ ስሙን ሰምቶ ገደል እንዳይገባ፣ የሞተው ማን እንደሆነ እዚያው ተደርሶ ነው የሚሰማ። እኔ የጠራሁትን ማዶ ያለው ጠሪ ይቀበለኛል፤ ከእሱ ደግሞ ከወዲያኛው ጋራ ያለው።

አሰብሁ። ይማም በአህያዋ አይደለም የተኛው? ለምን ለአህያዋ ቅሬ አልጠራላትም? ደጁ ላይ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ። «አንተ እብድ» ብሎ በሽመሉ ያባርረኛል፤ እኔ እሮጣለሁ፤ እሱም ይስቃል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም።

ያልተማከርሁት ጉሮሮዬን ነው። ሃያ ዓመት ቀስ ብሎ ጠርቶ የማያውቅ ጉሮሮ ዛሬ ቀስ በል ቢሉት ከየት ያመጣዋል? ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁና እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «በይማም ቤት ሐዘን ገብቷል» ስል ቁራዎቹ ከዛፉ ተነሡ። «ቅሬ ውጣ» የምትለዋን ዋጥ ለማድረግ ሞክሬ ነበር። ባሰባት።

ሁለቴ ሳልተነፍስ ማዶ ያለው ጠሪ ተቀበለ። ቀጥሎ የወዲያኛው።

ጉዱን ሳይ ተመልሼ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ግን ምን ብዬ ልጥራ? አያቶቻችን የመጥሪያውን ወግ አውጥተዋል፤ የመመለሻውን አላወጡም፤ ሞቶ የተመለሰ ስላላዩ መሰለኝ። «የሞተ ሰው የለም» ብዬ ጮህሁ። «ተመለሱ፣ ማንም አልሞተም።» በኋላ እንደነገሩኝ፣ ማዶ ያሉት ይህን ሲሰሙ «እንዲህ የሚያስቀባጥረው ምን ቢገጥመው ነው፣ ጠሪውን እንኳ ሐዘኑ አሳበደው» ብለው በመራመድ ፈንታ ሮጡ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ደረሱ፤ ከዳገቱ ጀምረው እያለቀሱ። አንዷ ለሐዘንተኛ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ጭብጥ የማትሞላ ቆሎ ቋጥራ ነበር። ለራሷ ልጆች ቆሎ እንዳልነበራት ሁላችንም እናውቃለን። ልነግራት አፌን ስከፍት አንገቴን አቅፋ አለቀሰችብኝ፤ ስታለቅስብኝ እኔም አለቀስሁ። ምን ላድርግ?

የቁፋሮ ተራ የነበራቸው ወጣቶች ወደ ቤቱ አልመጡም። በይማም ቤት ከሆነ መቃብሩ የት እንደሆነ ይታወቃል፤ በቀጥታ ወደዚያው ሄደው መቆፈር ጀመሩ። የቅሬው ዳኛ አያ እንድሪስ ከገደሉ ማዶ ነው ቤታቸው። ያን ገደል በዚያ ዕድሜ፣ በባዶ ሆድ፣ በዱላ ወርደው ወጡት።

ይማም መደቡ ላይ ሆኖ ጥሪውን ሰምቷል። በቤቱ ሐዘን ገባ ተብሏል፣ እሱ በሕይወት አለ፣ ልጆቹ ከጎኑ ናቸው፣ ፋጤ ደግሞ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። እንግዲያው ፋጤ ናት። አራት ቀን ያልተነሣ ሰው በአንድ ዝላይ ደጅ ወጣ፤ ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ አየ፤ መሬት ቁጭ ብሎ ደረቱን ይመታ ጀመር። ፋጤ ከታች እንስራዋን አዝላ ስትመጣ ደጇ ሰው መሙላቱን ከሩቅ አየች። አራት ቀን ፊቱን ያዞረ ባል ነው እቤት የተወችው። እንስራዋን ጣለችና «ይማሜን» እያለች ትሮጥ ጀመር።

ከሰዉ መካከል ተያዩ። ተቃቀፉና የበለጠ አለቀሱ። ሰዉም አብሯቸው። ትንሽ ቆይቶ ግን ለቅሶው ከዳር ከዳር እየሳሳ መጣ፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ይማም አለ» አሉ አያ እንድሪስ። «ፋጤም አለች። ልጆቹም እነዚያው። ማን ነው የሞተው?»

ሁሉም ወደ ጠሪው ዞረ።

«አህያዋ ናት» አልሁ።

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቅ ጠብቄ ነበር። የተሰማው የአያ እንድሪስ ዱላ ሲወድቅ ነው። አጎንብሰው ሊያነሡት አልቻሉም፤ እዚያው ተቀመጡ።

የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አይደፈንም ስለሚባል የዋንዛ ግንድ ከፈን ሳይኖረው ተቀበረ። በማግስቱ ከወይራው ሥር ለፍርድ ቆምሁ።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ተነሣ። «ይህ ሰፊውን ሕዝብ በሐሰት ጥሪ ማሸበር ነው። ወረዳ ሄዶ ይጣራ። የቀልዱ የመደብ መሠረት ምን እንደሆነ ይጠየቅ።»

«የጭነት ከብት መደብ ነው» አልሁ። ይታይሽ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

«ሊቀመንበር፣ ይቀመጡ» አሉ አያ እንድሪስ። «መሬቱን ወስዳችሁ አከፋፍላችኋል፤ እሰየው። ሞት ግን የቅሬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ቀልድ ነው። ጎረቤቴን ላስቅ።»

ቄሱ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ቀልድ የሚባለው የሳቀበት ሰው ሲኖር ነው። ማን ሳቀ?»

የሳቀ አልነበረም።

ሼሁ ደግሞ «አንድ ሰው ላይ ሲሆን ቀልድ ይባላል፤ ሦስት ጋራ ሰው ላይ ሲሆን ፌዝ ነው» አሉ።

«ሦስቱ ጋራ አልነበረበትም፤ ለአንድ ሰው ነው ያሰናዳሁት።»

«እኔ ያን ገደል ወርጄ ወጥቻለሁ» አሉ አያ እንድሪስ። «አንተ አፍህ ቀልድ መሆኑን ያውቃል። የእኔ ጉልበት ግን አላወቀም፤ የእውነቱን ነው የወጣው።»

ዓይኔ ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

ፍርዱ፦ ከጠሪነት ተሽሬያለሁ። ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ አጎንብሼ ይማም ፊት ቆሜ፣ እሱም ድንጋዩን አውርዶ ይቅር እስኪለኝ ድረስ ደግሞ ከነቤተሰቤ ከቅሬ ወጥቻለሁ። ከቤቴ የሚሞት ቢኖር ማንም አይቆፍርም፣ ማንም አይሸከምም።

«ደግ አስቤ ድንጋይ አልሸከምም» ብዬ ተነሣሁ። ግትር ነህ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

እቤት ደግሞ እናቴ ነበረች። እናቴ ከተኛች ሁለት ወሯ ነበር። በሽታም አልነበረባትም፤ የሚሰጣትን «ለልጆቹ ስጡልኝ» እያለች ነው ያለቀችው። ንስሐዋን ጨርሳለች፣ መግነዟን አጥባለች፤ የቀራት መሄድ ብቻ ነበር። ስገባ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ።

«አወጡህ?»

«አወጡኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺም በእኔ ስም ነው ያለሽው።»

«እንግዲያው አልሞትም» አለች። «እንደ ውሻ ተጎትቼማ አልቀበርም። ይታይሽ፣ እስቲ ያን ሙቅ አምጪልኝ።»

ሁለት ወር እንቢ ያለችውን ሙቅ ሦስት ጉንጭ ጠጣች። እኔ የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን በሕይወት ዘመኗ ቀልዳ አታውቅም። በሳምንቱ ደከም ስትል አንዲት ጎረቤት ገብታ «ነፍሷ ልትወጣ ነው» ብላ ብታለቅስ፣ እናቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ዝም በይ፣ ገና አልታረቀም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጥያቄዋ አንድ ሆነ።

«ድንጋዩን አነሣህ?»

«አላነሣሁም።»

«ኤዲያ። ይታይሽ፣ ሙቁን።»

መጀመሪያ አላነሣሁም የምል ከእልኬ ነው። ቀስ ብሎ ግን ነገሩ ገባኝ። አላነሣሁም ባልሁ ቁጥር ሙቅ ትጠጣለች። በሰኔ ተደግፋ ተቀመጠች። ያን ሳይ ለራሴ፦ አንተ ሰውዬ፣ በል እንግዲህ እንደተጣላህ ክረም አልሁት።

አንድ ቀን በዶማ ስቆፍር ይማም መጥቶ ከድንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ለማን እንዳለቀስሁ ታውቃለህ?»

«ለፋጤ። ሞተች ብለህ።»

«ፋጤን ካየኋት በኋላስ? አቅፌያት እያለቀስሁ አልነበር?»

ዶማዬን አቆምሁ።

«ለዘይነባ ነው» አለ። ያቺ ትንሿ ልጁ ናት። «እሷን እኔና ወንድሜ ብቻ ነን ወስደን ያስገባናት። ያን ቀን ደጄ ሰው ሲሞላ ለእሷ የመጡ መሰለኝ። ዘግይተውም ቢሆን።»

በዚያ ክፉ ወር ሰው ቆሞ መሄድ ስላቃተው ለሕፃናት ጥሪ ይቅር ተብሎ ነበር። ፍርዱ የሽማግሌዎቹ ነው። ጠሪው ግን እኔ ነበርሁ። ይማም ከአጥሩ ማዶ ድምፄን የሚያውቅ ጎረቤቴ ነው፤ ለልጁ ግን አልጠራሁላትም።

«አላህ ይርሐማት» አልሁ።

«አሚን። ቀልድህ አላሳቀኝም» አለኝ እየተነሣ። «አልቅሼበታለሁ ግን።»

ይህንኑ ሄዶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯል። በሐምሌ አንድ ጠዋት አያ እንድሪስ፣ ቄሱና ሼሁ ይማምን አስከትለው ቤቴ መጡ። ይታይሽ ቁርበት አነጠፈችላቸው።

«ሰምተናል» አሉ አያ እንድሪስ። «ድንጋዩ ቀርቶልሃል። ከዛሬ ጀምሮ ቅሬ ነህ። አብሽር።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ሳል ቀጥ አለ። ጆሮዋን ሰጥታለች።

«አይሆንም» አልሁ።

«ምኑ ነው የማይሆን?»

«ያለ ድንጋይ አልታረቅም።»

ሦስቱም ተያዩ። «ድንጋይ አልሸከምም ብለህ ጥለኸን የሄድህ አንተ አይደለህም?» አሉ ቄሱ።

«ነበርሁ። አሁን ተጸጽቻለሁ።»

«እሰይ። ደጅህ የሞላው ድንጋይ ነው፤ አንዱን አንሣና ይለቅልህ።»

«እነዚህ አይሆኑም፣ አባ። የእኔ ጥፋት ከባድ ነው። ልኩን እየፈለግሁ ነው። ይኸው ስንት ድንጋይ አየሁ፤ አንዱ ይቀላል፣ አንዱ ይሾላል።»

«እስከ መቼ ነው የምትፈልግ?»

«እስከ መኸር አላጣም።»

«ትቀልዳለህ?» አሉ አያ እንድሪስ።

ምክንያቱን እናቴ እየሰማች ልነግራቸው አልችልም። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። «ወላሂ አልቀልድም። አንገቴን ለመጥፎ ድንጋይ አልሰጥም።»

መጀመሪያ የሰማሁት ከጥግ ነው። ይማም ነው። አፉን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጋቢው አመለጠው። ሼሁ ተከተሉት፤ ቄሱ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አያ እንድሪስ እንኳ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ስንት ቀልድ አሰናድቼለት እንቢ ያለኝ ሰውዬ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ከልቤ ብናገር ፍርስ አለ። ሽማግሌዎቹም «እንግዲያው ድንጋይህን ስታገኝ ጥራን» ብለው እየሳቁ ወጡ።

«ምን አሉህ?» አለች እናቴ።

«አልታረቅንም።»

«ኤዲያ» አለች። «ይታይሽ።»

ያን ክረምት ዝናቡ መጣ። ከእርዳታው ዘር የተረፈችንን ገብስ በዶማ ዘርተናት ስለነበር በኅዳር ደረሰች፤ ብዙም ባትሆን ደረሰች። አጭደን በከመርን ማግስት እናቴ ደግፈው ደጅ እንዲያወጧት ጠየቀች። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የሰዉን ሁሉ ክምር ከዚህ ጋራ እስከዚያ ጋራ ስታይ ቆየች።

«በቃህ» አለችኝ። «ድንጋይ ስትመርጥ ከረምህ። አንዱን አንሣ።»

«እናቴ፣ ገና ልኩን...»

«አንሣ አልሁህ። አሁን ሰው በልቷል። ለመሸከም ጉልበት አለው።»

እንዳወቀችብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መካከለኛ ድንጋይ አነሣሁ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ አጎንብሼ፣ ከወይራው ሥር ይማም ፊት ቆምሁ። ቅሬው ሁሉ ወጥቷል። ይማም ድንጋዩን በማውረድ ፈንታ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞረኝ ጀመር።

«ይህን ለመምረጥ ነው ግማሽ ዓመት የፈጀበት?» አለ። «እስቲ እኔም ደኅና አድርጌ ልየው።»

«ይማም፣ አንገቴ።»

«ቆይ እንጂ። በዚህ በኩል ትንሽ ሾል ይላል።»

ሰዉ እንደሳቀ አውርዶልኝ ግንባሬን ሳመኝ። «አፍወን፣ ይቅር ብያለሁ» አለ።

እቤት ስገባ እናቴ ቀና ብላ ጠበቀችኝ።

«ተቀበሉህ?»

«ተቀበሉኝ።»

«እሰይ» አለች፤ ተመልሳ ጋደም አለች። እኔም ከመደቧ ሥር ተቀመጥሁ። ሌሎቹ ገብተው ወጡ፤ እኔ አልተነሣሁም።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«እንዲያው... እንግዲህ ከታረቅሁ ብዬ ነው።»

«ዛሬውኑ ልሙት? ሰዉ ገና ካጨዳ ደክሞ መግባቱ ነው፤ ውቂያውም ከፊቱ አለ። ቅሬ እኮ ነው፣ አይቀለድበትም።»

ውቂያው አልቆ፣ ሁሉም እህሉን አግብቶ፣ ሰው አርፎ ፀሐይ በሚሞቅበት አንድ የጥር ጠዋት ሞተች።